ጀርባ የሌለው ፎቶ

ነሐሴ ሲጋመስ የዙሪክ ትምህርት ቤቶች ይከፈታሉ፤ ሰፈሬ አፎልተርንም ከእረፍት የተመለሰ ሕዝቧን ትቀበላለች። ያን ሰሞን ከዜንተንሃውስ አደባባይ በ32 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሮ እስከ ሆልትሰርሁርድ የሄደ ሰው የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ ማን የት ሄደ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳ፣ ምን ምን አነሳ።

የእኛ ሰው ከመንገድ ሲመለስ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ይዞ ይመጣል። ጎረቤቶቼ የሚያመጡት ፎቶ ነው። ድርቆሽ ቢያንስ ተካፍለውት ያልቃል።

ግብዣው የሚመጣው ከልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ስዊስ አገር አፓርታማ የተከራየ ሰው ያውቀዋል። ምድር ቤቱ ውስጥ ለሕንጻው ሁሉ አንድ የጋራ ማጠቢያ አለ፤ ተራው ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በሰው ተራ የገባ ወዮለት። ከእኔ በላይ የሚኖረው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ ካልሲውን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያጥፍና፦ «ዐርብ ማታ ትንሽ አፔሮ አለ፤ ጥቂት ፎቶ አሳያችኋለሁ» ይለኛል። አፔሮ ማለት አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን፣ አይብና ቺፕስ ነው። እራት መስሎት ባዶ ሆዱን የሄደ ሐበሻ በሚቀጥለው ጊዜ እንጀራውን በልቶ ይሄዳል። «ጥቂት» የተባለው ፎቶ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ያስቀምጣል።

ሰውየው በረሃ ወዳድ ነው። ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ካትሰንዜ የሚባል ሐይቅ አለለት፤ ዙሪያው ጫካ፣ ሜዳው ለምለም። እሱ ግን ዐይኑ አሸዋ ላይ ነው። አንድ ዓመት ሞሮኮ፣ አንድ ዓመት ኦማን። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

እኔን የሚከነክነኝ የፎቶው ብዛት አይደለም። እሱ ራሱ ፎቶው ውስጥ የለም። ያን ሁሉ ፍራንክ ከስክሶ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ፣ መሄዱን የሚመሰክርለት አንድ ምስል እንኳ አይኖረውም። «አንተ የታለህ?» ስለው «ከካሜራው ኋላ» ይላል፤ ደግሞ በኩራት! እኛ ዘንድ ከካሜራው ኋላ የሚቆመው ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ነው።

ዘንድሮ የሄደው ቱርክሜኒስታን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ አክስቴ እኔ ዘንድ አሉ፤ በሦስት ወር ቪዛ ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። ትልቁም ትንሹም እትዬ ይላቸዋል። እትዬን ቤት ትቶ ግብዣ መሄድ ነውር ነው። ይዞ መሄድም የራሱ ጣጣ አለው። ይዣቸው ወጣሁ።

ስለ እትዬና ስለ ፎቶ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ቁም ሣጥናቸው ውስጥ በዳንቴል የተሸፈነ አልበም ያስቀምጣሉ። ቡናው እየተቆላ ለእንግዳ ይቀርባል። እንግዳው ፎቶውን ከፊት አይቶ ሊያልፍ ሲል ቀበል ያደርጉና ከላስቲኩ አውጥተው ይገለብጡታል። ጀርባው ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ማን ለማን እንደላከው፣ የት እንደተነሳው፣ በስንት ቀን እንደሆነ ተጽፏል። «ለማይረሳኝ ወንድሜ መታሰቢያ ይሁንህ፤ አሥመራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1971 ዓ.ም.» የሚል አለ። ፊቱ ውሃ ገብቶበት ሰውዬው ከአንገቱ በላይ የጠፋ አንድ ፎቶ አላቸው፤ ጀርባው ስለሚነበብ አልጣሉትም።

ጎረቤቴ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ፤ መብራቱን ቀነስ አደረገ። መጀመሪያ የመጣችው ዋና ከተማዋ አሽጋባት ናት። ነጭ እብነ በረድ፤ ቀጥሎ ነጭ እብነ በረድ፤ ከዚያ ወዲያም ነጭ እብነ በረድ። ጊነስ በ2013 ይህችን ከተማ በነጭ እብነ በረድ በተለበጡ 543 አዳዲስ ሕንጻዎቿ መዝግቧታል (ከአልበሙ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው)። አደባባዩ ሰፊ፣ ፏፏቴው ብዙ፣ አስፋልቱ የተወለወለ። ሰው ግን የለም።

«ሕዝቡ የት ሄዶ ነው? በለው» አሉ እትዬ።

«ሙቀቱ ከ40 በላይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማንም አይወጣም» አለ ጎረቤቴ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ክልከላው ያጫውተን ጀመር። ቱርክሜኒስታን ለመግባት የግብዣ ደብዳቤ አስፈልጎት ነበር። አስጎብኚ ይመደብልሃል፤ አብሮህ ይዞራል። ቤተ መንግሥት፣ ፖሊስ፣ ወታደር፣ አውሮፕላን ማረፊያ አይነሳም። ዐይኑ ያበራል፤ እኛም አፋችንን ይዘን «ወይ ጉድ!» እንድንል ጠብቋል።

እትዬ ምንም አልመሰላቸውም። «የዓባይ ድልድይስ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በአውቶቡስ ጎጃም የተሻገረ ሰው ሁሉ የዓባይን ድልድይ ያውቃል፤ ጠባቂውንም ያውቃል። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ፊደል በቆጠርን ማግስት ያነበብነው ነው፤ ቤተ መንግሥቱ አጥር ላይ፣ ካምፑ በር ላይ። ይህን ሁሉ ተረጎምኩለት። ጎረቤቴ ትንሽ ቀዘቀዘ። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ የሸመተው ድፍረት በደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ቲኬት የሚገኝ መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበር።

የወርቁ ሐውልት መጣ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ኒያዞቭ በ1998 ከተማው መሐል ቅስት አሠርተው ጫፉ ላይ የራሳቸውን ምስል በወርቅ አስለብጠው አቆሙ፤ ምስሉም ፊቱ ከፀሐይ እንዳይለይ ቀኑን ሙሉ ይዞር ነበር። እሳቸው በ2006 ሞቱ፤ ቅስቱም በ2010 ተነቅሎ ወደ ከተማው ዳር ተወሰደ።

«ሱፍ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ፤ ይህን ግን አልተረጎምኩም።

ሰውየው የወሮችንም ስም ለውጠው አፕሪልን በእናታቸው ስም ሰይመውት ነበር፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው ወደ ጥንቱ የተመለሰው። ጎረቤቴ በዚህ ሲስቅ እትዬ ግን አልሳቁም። ለእናት አንድ ወር ምን አላት? እሳቸው ቢሆኑ ጳጉሜንም ይጨምሩላት ነበር።

ከከተማው ወጣን። ካራኩም በረሃ ከአገሩ 70 በመቶውን ያህል ይሸፍናል። ጎረቤቴ በየማዕዘኑ አንስቶታል፤ ንጋት ላይ አሸዋ፣ ቀትር ላይ አሸዋ፣ አሸዋ ላይ የወደቀ የአሸዋ ጥላ። ከዚያ ደርዌዘ መጣ፤ ሁሉም ቱሪስት ለእሱ ሲል የሚሄድበት የእሳት ጉድጓድ። ስፋቱ 70 ሜትር ገደማ ነው። እንደሚወራው የሶቪየት ዘመን ቆፋሪዎች ጋዝ ሲፈልጉ መሬቱ ተደረመሰባቸው፤ ጋዙ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ብለው ቢለኩሱት በቀናት ውስጥ ይጠፋል የተባለው እሳት አልጠፋም። ዓመቱ 1971 ነው ይባላል፤ ከዚያ በፊት ነው የሚሉም አሉ። በ2022 የአገሪቱ ፕሬዝዳንት «ይጥፋ» ብለው በቴሌቪዥን አዘዙ። ጎረቤቴ የደረሰው ሳይጠፋ ነው፤ ሌሊቱን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ በሦስት እግር ካሜራ ቆሞ አድሯል።

እትዬ እሳቱን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና አንድ ሲሊንደር ጋዝ ደብረ ብርሃን ስንት እንደገባ ለጎረቤቴ እንድነግረው አዘዙኝ። ከዚያም ያ ጉድጓድ በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ምጣድ እንጀራ ይጋግር እንደነበር ማስላት ጀመሩ። ኤርታ አሌንም ቢሆን በቴሌቪዥን ባዩት ቁጥር የሚሉት ይህንኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

ቀጥሎ አንዲት ሴት መጣች። አበባ ያለው ሻሽ አስራለች። ከመሬት ከፍ ብሎ በጭቃ የተሠራ ክብ ምድጃ ላይ አጎንብሳ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ በጨርቅ ጠቅልላ ዳቦ ታወጣለች። ግማሽ ፊቷ በእሳቱ ቀልቷል፤ ግማሹ ወደ ካሜራው ዞሯል። ልትስቅ ነው፣ ገና አልሳቀችም። በእጇ የያዘችው ዳቦ ክብ ነው፤ መሐሉ በእሾህ መሳይ ነገር ተወጋግቶ አበባ ወጥቶለታል።

እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ሥር ሄዱ። «አምባሻ!» አሉ።

የማላስታውሰውን ያህል ዘመን አምባሻ ጋግረዋልና በሙያቸው ነው የተናገሩት። የምድጃውን ጭቃ አዩ፤ ጨርቁን አዩ፤ ከሴትየዋ ኋላ ያለውን የዱቄት ከረጢት አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ትባላለች? በለው።»

«የመንደር ሴት ናት፤ ከደርዌዘ ስንመለስ ያገኘናት» አለ ጎረቤቴ።

«ስሟን ነው የምጠይቀው በለው።»

ጎረቤቴ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። የባቡር ሰው ነውና መዝገቡ ሙሉ ነው። ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት እስከ ሰከንዱ ነገረን። የሌንሱን ቁጥር ነገረን። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ነገረን። ስሟ የለም።

«ዳቦውን ቀምሶታል?»

ቀምሶታል። ትኩሱን ሰጥታዋለች፤ ለመንገዱም ጨምራለታለች። ገንዘብ ቢሰጣት እምቢ አለች።

«ፎቶውስ ደረሳት?»

ጎረቤቴ የወይን ብርጭቆውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እልክልሻለሁ ብሏት ነበር። ለመላክ አስቦም ነበር።

እትዬ አላመኑም። «ጀርባውን ያሳየን በለው፤ እዚያ ላይ ጽፎት ይሆናል።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጎረቤቴ፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ የቴሌቪዥኑን ጀርባ አየ። ኬብል ብቻ ነበር።

«እልክልሃለሁ» የምትለዋ ቃል በሁሉም ቋንቋ ትገኛለች። አያቴን፣ ማለትም የእትዬን አባት፣ አንድ ቱሪስት አንኮበር መንገድ ላይ አግኝቶ ሊያነሳቸው ጠየቀ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ቤት ገብተው፣ ተጣጥበው፣ ለጥምቀት ብቻ የሚወጣውን ኮታቸውን ደርበው መጡ። ሰውየው አዘነ። ኮቱን አውልቀው ያን የቀድሞውን ቡትቶ እንዲለብሱ፣ ሞፈሩንም እንዲሸከሙ በምልክት ነገራቸው። በሬዎቹ ተፈተው ሣር ላይ ናቸው፤ የእርሻ ሰዓት አይደለም፤ ቢሆንም እንግዳ አያስቀይሙም። ሞፈር ተሸክመው ወደ ሩቅ እያዩ ተነሱ። አድራሻ ጠየቃቸው፤ የትምህርት ቤቱን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጡት።

ከዚያ ወዲያ ለቅዳሜ ገበያ በወረዱ ቁጥር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎራ ማለት ልማዳቸው ሆነ። መምህሩ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሳቸውም «መንገዱ ሩቅ ነው» ብለው ይመለሳሉ። ላም አለኝ በሰማይ። ያንገበገባቸው ግን ፎቶው መቅረቱ ብቻ አልነበረም፤ የት እንዳለ በማያውቁት አገር ግድግዳ ላይ ያለ ኮት መሰቀላቸው ነው።

ኦሞ ሸለቆ የሄዱ ቱሪስቶች ሙርሲዎች ፎቶ ለመነሳት ገንዘብ ይጠይቃሉ ብለው ያማርራሉ፤ ባህሉ ተበላሸ፣ ሰው ንግድ ሆነ ይላሉ። አያቴን የማውቅ እኔ ሙርሲዎቹ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ሒሳብ በቅድሚያ ከተቀበሉ ፖስታ ሲጠብቁ አያረጁም።

ይህን ነገር ግን ጎረቤቴ አልጀመረውም፤ አገሩ ሙሉ ነው። ኤላ ማያር የምትባል የጄኔቫ ልጅ ነበረች፤ በ1903 የተወለደች፣ በ1924 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ለስዊስ በሸራ ጀልባ የተወዳደረች። በ1932 ከፈቃድ ወረቀት ይልቅ ብልሃት ይዛ የሶቪየት ቱርኪስታንን ዞረች፤ የአሙ ዳርያን ወንዝ በጀልባ ወርዳ የኪዚልኩምን በረሃ በብርድ ወራት ከግመል ነጋዴዎች ጋር ተሻገረች። በ1939 ደግሞ ከአነማሪ ሽቫርትሰንባኽ ጋር በፎርድ መኪና ከጄኔቫ ካቡል ነዱ። አነማሪ የዙሪክ የሐር ፋብሪካ ባለጠጋ ልጅ ናት፤ እሷም ጽፋለች፣ እሷም አንስታለች። ጎረቤቴ ሁለቱንም በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ ስማቸውን ሲጠራ ድምፁ ይለሰልሳል። የሴቶቹ ድፍረት የሚያስቀና ነው። ካነሷቸው ሰዎች ስንቱ ፎቶው ደረሰው ብዬ ብጠይቅ ግን ነገር ፈላጊ እባላለሁ።

ወደ እኛ አገር የመጡትም ቀላል አይደሉም። እትዬ በአፔሮው ማግሥት ቡና ሲያፈሉ ነበር ስለ ሙሴ ኢልግ ያነሳሁላቸው። አልፍሬድ ኢልግ፣ የፍራውንፌልድ ሰው፣ በ1879 ምኒልክ ዘንድ መጥቶ ከመሐንዲስነት እስከ አማካሪነት ደረሰ፤ የጅቡቲው ባቡር ጉዳይም የእሱ እጅ አለበት። በ1916 እዚሁ ዙሪክ ሞተ። ያነሳቸውና የሰበሰባቸው ፎቶዎች ዛሬ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

«አንኮበር ነበር?» አሉ እትዬ።

«ነበር።»

«እንግዲያው ዘመዶቼን ሳያነሳ አልቀረም።»

ቀጥሎ ቫልተር ሚተልሆልትሰርን አመጣሁ። አብራሪም ፎቶ አንሺም ነው። በ1934 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የተገዛውን ፎከር አውሮፕላን ከዙሪክ አዲስ አበባ ድረስ አብርሮ አስረከበ፤ እግረ መንገዱንም አገሩን ከላይም ከታችም አነሳ፤ በዚያው ዓመት መጽሐፍ አወጣበት። (አፎልተርን ራሷ ከመንደርነት ወደ ዙሪክ ከተማ የተጠቃለለችው በ1934 ነው። ጎረቤቶቼ ግን አሁንም ሲናደዱ መንደርተኞች ናቸው።) ፎቶዎቹ በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኢቴሃ በሚሉት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ያያቸዋል።

ኮምፒውተሩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። ገበያ መጣ፤ አብያተ ክርስቲያናት መጡ፤ ጋሻ የያዙ ሰዎች መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከነስማቸው ተጽፈዋል። ራሶቹም ስም አላቸው። ወደ ታች እየወረድክ ስትሄድ ስሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ገበያ ላይ ስትደርስ «ሴቶች» ይላል፣ መንገድ ላይ ስትደርስ «ሰው ከነበቅሎው»። የበቅሎው ስም አለመጻፉ ቢያንስ ለሰውየው መጽናኛ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መዝገብ ቤት ግን መልአክ አይገባም።

ቤተ መጻሕፍቱ በራሱ መንገድ ይህን አውቆታል። በ2009 የድሮውን የስዊስኤር አየር መንገድ ፎቶዎች ጡረታ የወጡ የድርጅቱ ሠራተኞች እያዩ፣ ይህ እገሌ ነው፣ ይህ አውሮፕላን ያኛው ነው እያሉ እንዲሞሉ አደረገ፤ ኋላም ከ2016 ጀምሮ በሩን ለሁሉ ከፈተ። የሚያውቅ ሰው ያየውን ይጽፋል። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ።

ያ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እትዬ ይናገራሉ፤ እኔ በጀርመንኛ እጽፋለሁ። ይህች ሴት ሹሩባዋ የልጃገረድ አይደለም፣ ያገባች ናት። ይህ የተሸከመው እንስራ አይደለም፣ ጋን ነው። ይህ ሰውዬ ጋቢውን እንዲህ ያጣፋው ኀዘን ላይ ስለሆነ ነው፣ ለምን አነሱት? አንዱ ላይ ደርሰው ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ይሄኛው የጎረቤታችን የእነ እገሌ አያት ነው» አሉ። በምን አወቁ ብዬ ጠየቅኳቸው። «በአፍንጫው።» ይህን በጀርመንኛ ለቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚጽፉት የተማርኩበት ትምህርት ቤት የለም፤ «ምናልባት» የሚል ቃል አስገብቼ አለፍኩት።

በሌላ በኩል፣ እኛም ቅዱሳን አይደለንም። ጎረቤቴ አንድ ቀን እኔ ቤት መጥቶ ግድግዳዬን አይቶ ሲያበቃ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ፤ «ይሄ ጄኔቫ ነው?» እውነትም ጄኔቫ ነው። የሐይቁ ፏፏቴ ውሃውን 140 ሜትር ወደ ላይ ይተኩሳል፤ በእኔ ፎቶ ላይ ግን ከጆሮዬ ኋላ እንደ ጭስ የሚታይ ነገር ብቻ ነው ያለው። የመንግሥታቱ ድርጅት ፊት ለፊት ያለው እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ለተቀበረ ፈንጂ ተጎጂዎች በ1997 የቆመው፣ 12 ሜትር ቁመት አለው። እኛ ፎቶ ላይ ሁለት እግር ብቻ ይታያል፤ አንደኛው የአጎቴ ልጅ ነው። እትዬን ጄኔቫ ስወስዳቸው ጃንሆይ በጁን 30 ቀን 1936 በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች እንዳፏጩባቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም በንዴት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲያው እዚህ ላይ አንሳኝ» ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ። ፎቶው ከእሳቸው በቀር ምንም የለውም። ነጠላው ግን ያምራል።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ የማውቀው ልጅ ባንሆፍሽትራሰ ላይ የማን እንደሆነ የማያውቀው ቀይ ፌራሪ ተደግፎ ተነሳና ለቤተሰቡ ላከ። ጀርባ በሌለው ስልክ። ጀርባ ቢኖረው ኖሮ «መኪናው የሰው ነው» ብሎ ይጽፍበት ነበር። ወሬው ከደሴ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በሳምንቱ የእድር ቤት ማሠሪያ፣ የአክስት ልጅ ሠርግ፣ የአጎት ዐይን ሕክምና በየተራ መጡ። ልጁ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥባል። እስከ ዛሬ መኪናውን ሸጥኩት ይላቸዋል።

ጎረቤቴ ለእኔ እንዳዘነ አያለሁ፤ ይህን ሁሉ አገር እየዞርኩ የማየው ራሴን ነው። እኔም ለእሱ አዝናለሁ።

ያ የአፔሮ ዐርብ ካለፈ በኋላ ሰውየው ደረጃው ላይ ሲያገኘን ፈጠን ብሎ ማለፍ ጀመረ። እትዬ ግን ባዩት ቁጥር «ግሩኤዚ» ይሉና (ይህችን ቃል አሳምረው ተምረዋል) በእጃቸው የዳቦ ክብ ሠርተው ያሳዩታል። ጥያቄው ያ ነው። ስዊስ ሰው ዕዳ አይወድም፤ በሰው ፊት የተጠየቀ ዕዳ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል።

አንድ ማለዳ በሩን አንኳኳ። ከአስጎብኚው ጋር በኢሞ ሲጻጻፍ ከርሟል። ቱርክሜኖች ኢሞ ይወዳሉ፤ በዚህም ከእትዬ ጋር ይስማማሉ። አስጎብኚው ወደዚያ መንደር ሲመለስ ጠይቆ ስሟን ልኮለታል። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለጎረቤቴ የተላከ እንጂ ለጋዜጣ አይደለም። ፎቶውን በወረቀት አሳጥቦታል፤ ፖስታውን ገዝቷል፤ ቴምብሩን ለጥፏል። አሁን የመጣው ለምክር ነው። እስክሪፕቶውን ይዞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ፎቶውን ገለበጠው።

«ምን ልጻፍ?»

እትዬ ምጣዱን አወረዱ፤ እጃቸውን አደረቁ፤ ተቀመጡ። መጀመሪያ የቦታውን ስም። ቀጥሎ ቀኑን፣ ከተቻለ በዓሉን። ሰላምታ ለእሷ፣ ለባለቤቷ፣ ለልጆቿ፣ ልጆች እንዳሏት ያልጠየቀው የእሱ ጥፋት ነው። ዳቦው እንዴት እንደጣፈጠው፣ ለማን ለማን እንዳካፈለ። እቺ የደብረ ብርሃን ሴት ምድጃዋን አይታ እንደወደደችው፣ ግን አፉ ትንሽ ቢጠብብ እሳቱን እንደሚይዝላት። እኔ ወደ ጀርመንኛ፣ ጎረቤቴ ወደ እንግሊዝኛ፣ አስጎብኚው ደግሞ ወደ ቱርክሜንኛ። ጎረቤቴ በዚያ የባቡር መሥሪያ ቤት ጽሕፈቱ፣ ደቃቅና ቀጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ገና ስለ ዱቄቱ አልተነሳም።

«ቦታ አለቀ» አለ፣ ወረቀቱን እያሳየን።

እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «ታዲያ ትልቅ አድርጎ ያሳጥበዋ!»